በርበሬ ያልሆነው

«እሱ በርበሬ አይደለም» አሉ እትዬ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ብቅ ብለው።

መቃ የውሃውን ጆግ እንደያዘች ቀና አለች። እትዬ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ቤት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ልብስ ለማስጣት ወንበር ላይ በወጡ ቁጥር የእነመቃን ጓሮ ሳይቃኙ አይወርዱም።

«በርበሬ ነው። እኔ ራሴ ነኝ የዘራሁት» አለች መቃ።

«የዘራሽውን መች አየሁ? እኔ የማየው የበቀለውን ነው። የበርበሬ ቅጠል ዳሩ ለስላሳ ነው፤ እንዲህ አይቦጫጨቅም። እስቲ አንዷን በጣትሽ ፈተግ አድርገሽ አሽትቺ።»

አሸተተች። ሳይሰጣ እንደሰነበተ እርጥብ ጨርቅ የሚከረፋ ሽታ አፍንጫዋን መታት፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አላሳየችም።

«ምንም አይልም» አለች።

እትዬ ቅጠሉን እንደገና አዩት። «እንግዲህ እኔም አበባውን ሳላይ አልምልም። ሲያብብ ጥሪኝ። እስከዚያው እጅሽን ታጠቢ፤ ትንሿንም አታስጠጊያት።»

ትንሿ ያሉት የመቃን እህት፣ የአራት ዓመቷን ድንቡሼን ነው።

መቃ ራሷም ከጠረጠረች ሰንብታለች። ነገሩ የጀመረው የባዮሎጂ መምህሩ ለሰባተኛ ክፍል በሙሉ አንድ ሥራ ሲሰጡ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ዘር ዘርቶ፣ በየሳምንቱ ለክቶና ሥሎ፣ ደብተር ላይ መዝግቦ ያስረክባል፤ ከመቶው ሃያው የዚህ ነው። መቃ ስድስት የበርበሬ ፍሬ ዘራች። ሁለት ሳምንት ጠበቀች፤ አንዱም ብቅ አላለም። በሦስተኛው ሳምንት ከመደቧ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ማንም ያልጠራው አንድ ቡቃያ ከአጥሩ ሥር ቆሞ አገኘችው። ባዶ ደብተር ይዛ ከምትሄድ ብላ «በርበሬ፣ በቀለ» ብላ ጻፈች።

ቡቃያው እንደ ጎረምሳ ተመዘዘ። የሌሎቹ ልጆች ባቄላና ቲማቲም ሲጠወልግ የእሷ ግን እስከ ጉልበቷ ደረሰ። መምህሩ ደብተሯን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩና «አያያዝ ማለት ይህ ነው» አሉ። አንዴ ከተመሰገነች በኋላ ወደ ኋላ መመለሱ ቸገራት።

ነገሩን ለጓደኛዋ ለሬዲዮ ብቻ ነገረቻት። ሬዲዮ የተባለችው ወሬዋ ባትሪ ስለማያልቅበት ነው።

«አታካብጂ ባክሽ» አለች ሬዲዮ። «ቲቸር ጓሮሽ ድረስ መጥተው ሊቀምሱት ነው?»

መቃ ከእትዬ ጋር በተነጋገረች ማግስት ጥግ ላይ የተጣለውን አሮጌ በር ጎትታ አጥሩ ላይ አስደገፈችው። ከዚያ ወዲህ እትዬ ወንበራቸው ላይ ቢቆሙም ተክሉ አይታያቸውም።

አበባው የወጣው ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ነጭና ረጅም ነበር፤ አፉ እንደ ጡሩምባ ሰፍቶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይከፈታል። መቃ የበርበሬ አበባ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ የሬዲዮ እናት በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ የተከሉት አለ። ያ ጥፍር የምታህል ነገር ነው፤ ይኼ መዳፍ ያህላል። እትዬን አልጠራቻቸውም። ደብተሯ ላይ የሣለችው የሬዲዮ እናትን አበባ ነው።

ከአበቦቹ አንዳንዶቹ ፍሬ ከቋጠሩ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ደብተሩ ሊሰበሰብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መቃ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የመጨረሻውን ገጽ በንጹሕ ትገለብጣለች። እናቷ ሥራ ላይ ናት። ድንቡሼ ጓሮ በጣሳ ክዳኖች ዕቃ ዕቃ ትጫወታለች፤ ለብቻዋ ስታወራ ይሰማል። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። መቃ ሁለት መስመር ጨመረች። ዝምታው ሲረዝምባት ወጣች።

ድንቡሼ ከአሮጌው በር ኋላ ቁጢጥ ብላለች። ከፊቷ እሾኻም አረንጓዴ ፍሬ በድንጋይ ተፈርክሶ፣ ትንንሽ ጠፍጣፋ ዘሮች ክዳን ላይ ተዘርግፈዋል። ሁለቱ አገጯ ላይ ተጣብቀዋል።

«ሾርባ ሠራሁ» አለች ድንቡሼ። «ይመራል።»

መቃ ዘሮቹን ከአገጯ ላይ ጠረገችላት። እትዬን ልጥራ ስትል፣ ከጠራኋቸው ሁሉም ነገር ይወጣል የሚል ሐሳብ አብሮ መጣባት። ከዓይን ጥቅሻ አልበለጠም፤ ግን መጣ። በኋላ ከሁሉ አብልጣ ያፈረችው በዚያች ቅጽበት ነው። ድንቡሼን እንደ ጆንያ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠችና የእትዬን በር በእግሯ መታችው።

እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወጡ።

«እትዬ፣ በርበሬ አይደለም» አለች መቃ።

ለምን እንዴት አላሉም። የድንቡሼን አገጭ ያዙና አፏን ከፍተው አዩ። «ስንት ዋጠች? ከመቼ ወዲህ?» ብቻ ጠየቁ፤ መቃ የምታውቀውን መለሰች። አፏን በውሃ አስጉመጠመጧት። መቃ እህቷ እንድታስመልስ ጣት ልስደድባት ስትል እጇን ያዙ።

«እሱን ተይው፤ ለሐኪም ነው። ይልቅ ሮጥ በይና ፍሬውንም አበባውንም በፌስታል ቁረጪ። በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው። ሐኪሙ ስሙን ካወቀ መንገዱ ያጥራል።»

ታክሲው ውስጥ የድንቡሼ ጉንጮች እንደ ፍም ቀሉ። የዓይኖቿ ጥቁሩ ሰፍቶ ሰፍቶ ቡናማውን ዋጠው። የሾፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ አየሁ ብላ «ሽ» ትላታለች። ሾፌሩ ሊስቅ ዞረና የእትዬን ፊት ሲያይ መልሶ መንገዱን ያዘ።

ሆስፒታል ሲደርሱ እትዬ ፌስታሉን ለወጣቷ ሐኪም ሰጧት። «አስተናግር ነው። ከነዘሩ ቀምሳለች፤ አንድ ሰዓት አልሞላትም።» ሐኪሟ አበባውን አንድ ጊዜ አየችና ሌላ ሳትጠይቅ ድንቡሼን ተቀብላ ገባች። በመስኮቱ በኩል ለሕፃኗ ከሰል የመሰለ ጥቁር ፈሳሽ ሲያጠጧት ታየ።

«ለምን አስተናግር ተባለ?» አለች መቃ፤ ዝም ማለት አልቻለችም።

«የቀመሰው ሰው ከሌለ ሰው ጋር ሲያወራ ስለሚውል ነው» አሉ እትዬ።

እትዬ የደወሉላት የመቃ እናት ከምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ሽርጧን እንዳደረገች፣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ረጥቦ ደረሰች። መቃ ሳትጠየቅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። ያልበቀሉትን ስድስት ፍሬዎች፣ ደብተሩን፣ አሮጌውን በር፣ አበባውን። ስትጨርስ ጥፊ ጠበቀች። እናቷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየች።

ሐኪሟ ወጣች። «በጊዜ መጥታችኋል። እዚህ አድራ እናያታለን፤ ግን ደህና ትሆናለች። ምን እንደበላች ባናውቅ ኖሮ ብዙ እንደክም ነበር።»

እናቷ ይኼኔ ጎንበስ ብላ የእትዬን ጉልበት ልትይዝ ስትል እትዬ በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጓት። «ተይ እንጂ! እኔ ምን አደረግሁ፤ ተሸክማት የሮጠችው ይቺ ናት።»

እናቷ ወደ መቃ ዞረች። «ቤት ስንገባ እንነጋገራለን» አለች። ከዚያ «ነይ» ብላ በእርጥብ እጅጌዋ አቀፈቻት።

መቃ እትዬ ቤት አደረች። ገና ሳይነጋ እናቷ ከሆስፒታል ደወለች፤ ድንቡሼ ነቅታ ዳቦ ጠይቃለች፤ ደግሞ ያቺ ዶሮ የት ሄደች ብላለች። እትዬ ስልኩን አስቀምጠው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እሳቸውም ፈርተው እንደነበር መቃ ያወቀችው ያኔ ነው።

ሁለቱም ቁርስ ሳይቀምሱ እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ተክሉን ከሥሩ ነቀሉት። እትዬ የቀሩትን ፍሬዎች አንድ በአንድ ለቀሙ። «ከየት መጣ?» አለች መቃ።

«ወፍ ይሆናል፣ ጎርፍ ይሆናል፣ የአንዱ ጫማ ጭቃ ይሆናል። እሱ እንደሆነ ግብዣ አይጠብቅም።»

መቃ ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ትጠብቃለች። «ሲያብብ ጥሪኝ ብዬሽ አልነበረም?» የሚለውን። ታክሲ ውስጥ አላሉትም፤ ኮሪደሩ ላይ አላሉትም፤ አሁንም ጎንበስ ብለው ከእሷ ጋር መሬት እየቧጠጡ አላሉትም። ከነገሯት ሁሉ ይልቅ ያልተናገሩት አንጀቷን በላው።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች መቃ።

«አሜን። አሁን ታጠቢና ቁርስሽን ብዪ፤ ይረፍድብሻል።»

«አንዱን ቅርንጫፍ ልውሰድ?»

እትዬ አዩዋት። ምን ሊያደርግልሽ ሳይሉ ቅጠሉንና አንድ አበባ በጋዜጣ ጠቀለሉ፤ በላስቲክ ከረጢት ከተቱ፤ አፉን በፕላስተር አሸጉ።

ሬዲዮ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። ስለ ድንቡሼ ስትሰማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እንባዋም መጣ። ትንሽ ቆይታ ግን ወደ ራሷ ተመለሰች።

«ታዲያ በርበሬው ደረቀ በያቸዋ። ደብተርሽ እኮ ከሁሉ ይበልጣል። ማን ያውቅብሻል?»

መቃ ግቢውን አየች። ኳስ የሚያባርሩ፣ ገመድ የሚዘሉ፣ ደረጃው ላይ የቤት ሥራ የሚቀባበሉ። ከእነሱ ስንቱ ጓሮ እንዳለው፣ ስንቱ ጓሮው ውስጥ የምትጫወት ትንሽ እህት እንዳለችው አሰበች።

«አንቺ ግቢ፤ እመጣለሁ» አለቻት።

የመምህራን ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። የባዮሎጂ መምህሩ ብቻቸውን ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የተረከቧቸው ደብተሮች ተደርድረዋል። ሲያዩዋት ፈገግ ብለው ደብተሯን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

መቃ የታሸገውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ ደብተሩን ከመስጠቴ በፊት የምነግርዎት አለ» አለች። «ከዚያ ደግሞ፣ ከፈቀዱልኝ፣ ለክፍሉም ልንገራቸው።»

መምህሩ የሻይ ብርጭቆአቸውን ገፋ አደረጉና ከፊታቸው ያለውን ወንበር አሳዩዋት። መቃ ተቀመጠች።