ውርጭ በሰንበር ሜዳ

የአስናቀው ሬሳ የተገኘው በኅዳር ወር፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከሰንበር ሜዳ ገደል ሥር ነው። ከጎንደር የተጠራችው ኢንስፔክተር የትነበርሽ አምባ ጊዮርጊስንና ደባርቅን በመኪና አልፋ፣ ከመካነ ብርሃን በላይ ያለውን አቀበት በእግሯ ወጥታ ስትደርስ ፀሐይ አጋድላ ነበር። ጉም ከገደሉ አፍ መነሣት ጀምሯል። ሬሳውን የሚጠብቁት ሁለት ሚሊሻዎች ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀምጠዋል።

አስናቀው የቀበሌው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። ሰንበር ሜዳን የሸፈነው ጓሳ የአገሩ ሰው ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ እያጨደ ቤት የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት ሣር ነው። በዚያው ሣር ውስጥ ቀይ ቀበሮ አይጥ እያደነ ይኖራል፤ ቁጥሩም ከዓመት ዓመት እየመነመነ ሄዷል። ገሚሱ ሰው «ይታጨድ»፣ ገሚሱ «አይነካ» ሲል አስናቀው ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎጥ ጎጥ ተመላልሶ አንድ ውል አረቀቀ። ሜዳው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወገን በሦስት ዓመት አንዴ ይታጨዳል፤ ሌላው ለአውሬው ይተዋል። ማረስ ግን በሁለቱም ወገን እንደ ቀድሞው ክልክል ነው። ሕዝቡ ሐሙስ ሊፈርም ተቀጥሯል። አስናቀው ረቡዕ ማለዳ ወሰኑን ዞሮ ለማየት አስቦ፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከመካነ ብርሃን ስብሰባ ተነሥቶ ወደ ሜዳው ወጣ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አየሁት የሚል አልተገኘም።

የትነበርሽ ተንበርክካ መረመረችው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ከኮቱ ኪስ አንድ የገብስ ዛላ አወጣች፤ ገና አረንጓዴ ነው። ጫማው ላይ የማክሰኞው መንገድ ጭቃ ደርቋል። ክሩን ፈትታ አወለቀችው። እግሩ ንጹሕ ነበር፤ ተረከዙ በቅቤ ታሽቷል። ጫማውን መልሳ አጠለቀችለትና ተነሣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ምንዳዬን ነው። ምንዳዬ ውሉን በእጁ የጻፈው የምክር ቤቱ ጸሐፊና የሟቹ አብሮ አደግ ሲሆን፣ ቤቱ ለሜዳው ከሁሉ ይቀርባል። ዓይኑ ቀልቷል። አስናቀው እሱ ቤት ሊያድር ተቀጣጥረው እንደነበር፣ ራት ቀርቦ ሲጠብቁት እንዳልመጣ፣ ጉሙ ሲከብድ «ታች ቀርቷል» ብለው እንደተኙ ነገራት።

«ማታ መንገድ ስቶ ነው የገባበት» አለ። «ይህ ገደል ስንቱን በልቷል።»

ሚስቱ ወለተሩፋኤል ከበሩ ጥላ ውስጥ ቆማ ትሰማ ነበር። የትነበርሽ ወደ እሷ ዞር ስትል ምንዳዬ ቀደም ብሎ፣ ሚስቱ ከኀዘን ብዛት መናገር እንደተሳናት ተናገረ።

ሬሳውን ያገኙት አያ ፋንታሁን ነበሩ፤ የጓሳ አጫጆቹ አለቃ። ባለፈው ወር በሕዝብ ፊት «ይህ ውል ከሚፈረም አንዳችን ብንሞት ይሻላል» ማለታቸውን ሁሉም ያስታውሳል። ማጭዳቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«ምን ሊሠሩ ወጡ በማለዳ?» አለች የትነበርሽ።

«ሣሩን ለማየት። ሊከለክሉኝ አይደል? ሳልከለከል ልየው ብዬ ነው።»

«ከአስናቀው ጋር ተጣልተው ነበር?»

«በየስብሰባው። ግን ቤቴ ድረስ መጥቶ የሚጣላኝ ሹም እሱ ብቻ ነበር፣ ልጄ። ሌሎቹ ደብዳቤ ነው የሚልኩ።»

ሦስተኛዋ ሄለን ናት፤ ቀይ ቀበሮዎቹን ለማጥናት ከሜዳው ማዶ ድንኳን ተክላ የምትኖር ባለሙያ። እሷም በበኩሏ ውሉን ስትቃወም ከርማለች፤ ግማሹ ሜዳ ከታጨደ ቀበሮው ይጠፋል ባይ ነበረች። አያ ፋንታሁን ሲጮሁ ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው እሷ ነበረች፤ ሰው ሬሳውን ሳይነካካ በስልኳ ፎቶ አንሥታለች። የትነበርሽ ስልኩን ተቀብላ አትኩራ አየችው። ከዚያ ጠዋት ሚሊሻዎቹ ሬሳውን ከፍ ሲያደርጉት ከሥሩ የነበረው ሣር ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀቻት።

«ነጭ» አለች ሄለን። «ውርጩ ተጨፍልቆ እዚያው ነበር።»

የትነበርሽ ብቻዋን ወደ ሸንተረሩ ወጣች። ጓሳው እስከ ወገቧ ይደርሳል፤ ነፋስ በሌለበት ይንሿሿል። ከሸንተረሩ ጀርባ፣ ከየትም አቅጣጫ በማይታይ ጎድጓዳ ቦታ፣ ስትፈልገው የነበረውን አገኘች። ተመልሳ ስትወርድ ሁሉም ምንዳዬ ደጅ እንዲሰበሰቡ አዘዘች። የሟቹ ሚስት ባንቺአየሁም ጥቁር ለብሳ መጥታ ነበር። ጉሙ ግቢውን ከብቦት ከአጥሩ ወዲያ የሚታይ ነገር ጠፋ።

«አስናቀው ማታ አልሞተም» ብላ ጀመረች። «ውርጭ የሚወርደው ሊነጋ ሲል ነው። ማታ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ውርጩ ጋቢው ላይ በወረደ፣ ከሥሩ ያለው ሣር ደግሞ በተረፈ። ፎቶው ላይ ጋቢው ደረቅ ነው። ከሥሩ ግን ውርጭ ነበር። የወደቀው ረቡዕ ማለዳ ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ አያ ፋንታሁን ዞረ። ሽማግሌው ማጭዱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት።

«ከኪሱ አረንጓዴ ገብስ ተገኝቷል» ስትል ቀጠለች። «በመንገዴ ያየሁት ገብስ ሁሉ ታጭዶ ተከምሯል። በዚህ ወር ያልደረሰ ገብስ የሚኖረው ከዚህ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ ደግሞ ማረስ ክልክል ነው። ከሸንተረሩ ጀርባ ጓሳው ተመንጥሮ ገብስ ተዘርቷል። አስናቀው ወሰኑን ሲዞር አየው፤ አንድ ዛላ ቀጥፎ ያዘ። አያ ፋንታሁን ውሉን ቢጠሉም በግልጽ ነው። ሄለንም እንዲሁ። ይህን ሰው የገደለው ውሉን ይደግፍ የነበረ፣ ግን ወሰኑ እንዲታይ የማይፈልግ ሰው ነው።»

ምንዳዬ ፊቱን አዞረ።

«አንድ ነገር ይቀራል። ጫማው የማክሰኞ ጭቃ አለበት፤ እግሩ ግን ታጥቧል፣ ቅቤም ተቀብቷል። በዚህ አገር የመንገደኛን እግር አጥቦ የሚያሽ ቤቱ ያሳደረው ሰው ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ በሩ ተመለከተች። «ወለተሩፋኤል፣ እስካሁን የጠየቀሽ ሰው የለም። የአስናቀውን እግር ማን አጠበው?»

ምንዳዬ ሚስቱን በስሟ ጠራት፤ አንዴ ብቻ። ሴትዮዋ አላየችውም። ባንቺአየሁን ነበር የምታየው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ማታ መጣ። ደክሞት ነበር። ሲነጋ አብረው ወጡ፤ የተመለሰው አንዱ ነው። ‹አልመጣም በይ፣ ያለዚያ ልጆቹ ያለ አባት ይቀራሉ› አለኝ።»

ምንዳዬ የተናገረው እጁ በካቴና ከታሰረ በኋላ ነው። ታች ያለውን መሬቱን ጎርፍ ከበላው ሦስት ክረምት ሆኖታል፤ አራት ልጆች አሉት። አስናቀው ገብሱን ሲያይ ዝም እንዲልለት ጉልበቱን ይዞ ለምኖታል። አስናቀው ግን ነገ በሕዝቡ ፊት ራሱ እንዲናገር፣ እሱም አብሮት ቆሞ እንደሚማልድለት ነገረው። ምንዳዬ መግፋቱን ያወቀው እጁ ባዶ ሲቀር ነው። ቤቱ ተመልሶ ውሉ የተጻፈበትን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጨመረው።

ሐሙስ ከቀብር በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቀረ። አያ ፋንታሁን ሄለን አጠገብ ሄደው ተቀመጡና እስክሪብቶ እንድታወጣ ነገሯት። ከዚያ ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ ቃል ሳያጎድሉ አስጻፏት። ሁለት ዓመት ሙሉ በእያንዳንዱ ቃል ተከራክረውበታልና በቃላቸው ያውቁታል። ሄለን አንዱ ወገን ይታጨዳል በሚለው በሁለተኛው አንቀጽ ላይ እጇን አቆመች፤ ከዚያ ጻፈችው።

አንድ ሰው ገብሱ ምን እንደሚደረግ ጠየቀ። አንዳንዱ ይቃጠል አለ፤ አንዳንዱ ከብት ይልቀቅበት አለ። ወለተሩፋኤል ከሴቶቹ ርቃ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ሲደርስ ይታጨድ» አለች ባንቺአየሁ። «ለልጆቿ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ማንም አይረሰው።»

ሄለን ያንንም ጻፈችው፤ መጀመሪያ የፈረሙት አያ ፋንታሁን ነበሩ።