የዓርቡ ቶርታ

ጓድ መርሻ በገዛ ቢሮው ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። አንድ ጫማው ወልቆ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል፤ የካልሲው ጫፍ ተቀዷል። ለሹመቱ ደስታ የተገዛው ክብ ቶርታ ከራስጌው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ግማሹ ተቆርሶ ተቀምጧል።

ሻምበል መድኃኔ ሬሳውን አየ፣ ቶርታውን አየ፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የጣቢያው መኪና ቤንዚን ስለሌለው ከአምስት ኪሎ በእግሩ ነው የመጣው። በነዚያ ክፉ ዓመታት ማን ገደለው ብሎ እንዳይጠይቅ እየታዘዘ ስንቱን ሬሳ አልፏል። አሁን 1976 ዓ.ም. ነው፤ መጠየቅ ተፈቅዶለታል፤ እሱ ግን ደክሞታል።

ቢሮው ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ጣሊያን በሠራው አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ከሥሩ የመንግሥት የጨርቅ መጋዘን አለ፤ ከመጋዘኑ ጎን ቡና ቤት። በግብዣው ላይ የነበሩት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሞቷል።

የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ፈቀደ ሻምበሉን በር ላይ ጠብቆት ነበር። ነገሩ አልቆለታል። ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል፤ ለመጋዘኑ አይጥ የሚገዛው መርዝ ማንም እጁን በሚሰድበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ቶርታውን ቆርሳ ያደለችው ጸሐፊዋ ለተኪዳን ናት፤ ወንድሟ ደግሞ ጫካ ገብቷል።

«መርሻ ሁለቴ ሲጎርስ በዓይኔ አይቻለሁ። በሦስተኛው ወደቀ። እርስዎን ማድከም አያስፈልግም ነበር፣ ጓድ ሻምበል» አለው። «ደውያለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

በዚያ መኪና የተወሰደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ ፒያሳ ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ የተመለሰ አልታየምና። የግድግዳው ሰዓት አሥር ተኩል ይላል።

ለተኪዳን መዝገብ ቤት ተቆልፎባት ነበር። ክሬሙ ጣቷ ላይ ደርቋል። ሻምበሉ ቶርታውን ቁረጪ ያላት ማን እንደሆነ ጠየቃት።

«ጓድ ፈቀደ ናቸው። ሴት እያለች ወንድ አይቆርስም አሉ።»

«እንዴት አድርገሽ ቆረስሽው?»

«ከመሃል ወደ ዳር፣ እንደ ድፎ ዳቦ። ሁሉንም በአንድ ቢላ ነው፤ እኔም በልቻለሁ።»

«የመርሻን ቁራሽ አንቺ ነሽ መርጠሽ የሰጠሽው?»

«የመጀመሪያውንማ ለእሳቸው ነበር የሰጠሁት። እሳቸው ታላቅ እያለ እንዴት ብለው ለአቶ ገብረትንሣኤ አሳለፉት። አቶ ገብረትንሣኤ ደግሞ እንግዳ ትቅደም ብለው ለወይዘሮ ሙሉነሽ፣ እሳቸው መልሰው ለባላቸው ለጓድ መርሻ። እንዲህ እየተባባሉ ሳህኑ ሁሉ ዞረ፤ ጓድ ፈቀደ ብቻ ስኳር በሽታ አለብኝ ብለው መለሱ። የቱ ማን ጋ እንደቀረ እኔም አላውቅ።» ከዚያ ጨመረች፦ «እናቴ ብቻዋን ናት፣ ሻምበል። ብወሰድ ማን ይነግራታል?»

ሻምበሉ ሰዓቱን አይቶ ወጣ።

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ገብረትንሣኤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቂማቸውን የማይደብቁ ሰው ናቸው። ሹመቱ ለእኔ ነበር የሚገባው አሉ። መርሻ ክፉ ሰው ነበር ወይ ሲባሉ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዝም ያለ ሰው ነበር፣ ዓርብ ዓርብ ለምሳ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሌላ ቀን ከእነሱ ጋር እየበላ ማኪያቶውን ይጠጣል።

«ቶርታውን በሉ?»

«ዓርብ መሆኑን ረስቼው መሰልዎት? ቅቤና እንቁላል እንዳለው አጥቼው? ካድሬው ፊት ለፊቴ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያያል። ምን ልሁን፣ በላሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ሙሉነሽ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ጥቁር ነጠላ ለመፈለግ እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ቀይ ሻርፗን አንገቷ ላይ እንዳሰረች ግድግዳ ግድግዳ ታያለች። በጥያቄ ሁሉ ላይ አንድ ቃል ትመልሳለች፤ ጠላት አልነበረውም፣ አልታመመም፣ አልተጣላንም። ስለ ምሳው ሲጠይቃት ግን ረዘም አድርጋ መለሰች። ዓርብ ዓርብ ቤት አይመጣም፤ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ነው የሚበላው።

ሻምበሉ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ከመስኮቱ ሥር ትሪ አለ። ከሦስቱ የማኪያቶ ኩባያዎች ሁለቱ ተጠጥተው አረፋቸው ደርቆባቸዋል፤ አንዱ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ከጎናቸው ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ታጥበው ተደፍተዋል። ከዚያ የሟቹን መሳቢያ ሳበ። ጋዜጣ ውስጥ የተጠቀለለ ቁራሽ ቶርታ ወጣ፤ ጥርስ አልነካውም። በሟቹ ሳህን ላይ የነበረው ክሬም ቁራሹ ሲነሳ የቀረ ነበር።

ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ቡና ቤቱ ወረደ። አስተናጋጇ ነገሩን አልረሳችውም፤ ካድሬ ትሪ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ አይታ አታውቅም። ጓድ ፈቀደ ሦስት ማኪያቶና ሁለት ሻይ አዝዞ፣ ሻዮቹ ላይ ስኳር አብዢ ብሎ፣ ራሱ ይዞ ወጣ።

አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል አራቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰባቸው። ሬሳው ተነሥቶ ነበር፤ ቶርታው ግን እዚያው ነው።

«ባጭሩ ልናገር፣ ሁላችንም ደክሞናል» አለ። «ከዚህ ቶርታ አቶ ገብረትንሣኤና ለተኪዳን በልተዋል፤ አልታመሙም። ስለዚህ መርዙ በጠቅላላው ውስጥ አልነበረም። አንድ ቁራሽ ላይ እንዳይባል ሳህኑ በይሉኝታ ዞሯል፤ የቱ ለመርሻ እንደሚደርሰው የቆረሰችውም አታውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መርሻ ቶርታ አልበላም።» ጋዜጣውን ፈታው። «ቁራሹ ይኸውና።»

«ጠግቦ ይሆናላ» አለ ፈቀደ።

«እርስዎ ሁለቴ ሲጎርስ አይቻለሁ ነው ያሉኝ።»

ፈቀደ ቁራሹን ትኩር ብሎ አየ።

«ዓርብ ዓርብ ቤቱ ይበላል ይላሉ የሥራ ጓደኞቹ። ሚስቱ ደግሞ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ይበላል ትላለች። የትም አይበላም ነበር። የፓርቲ ዕጩው ጓድ መርሻ ተደብቆ ይጾም ነበር።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ሲነገር መስማት በራሱ ያስፈራል። ሻምበሉም ይህን ያውቃል፤ የሟቹን ስም ሳያነሣ ለተኪዳንን የሚያድንበት መንገድ ፈልጎ አጥቶ ነው።

«እንግዲህ መርዙ ጾመኛ በሚቀምሰው ነገር ውስጥ ነው፤ ወተት በሌለው ሻይ። መርሻ ዘወትር ማኪያቶ ጠጪ ነው። ማን ነው ዛሬ ሳይጠይቀው ሻይ ያዘዘለት? ማን ነው ሰው ወለል ላይ ሲያጣጥር ኩባያዎቹን ትቶ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ያጠበው? ስኳር በሽታ አለብኝ ብሎ ቶርታውን የመለሰ ሰው ሻዩ ላይ ስኳር አብዢ ይላል? ጓድ ፈቀደ፣ ሁለተኛው ሻይ የእርስዎ ነበር። እርስዎም ይጾማሉ። ምሥጢሩን ያወቁትም በዚያ ነው።»

ከታች የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ለተኪዳን ወንበሩን ጨብጣ ተነሣች፤ ሻምበሉ በእጁ ተቀመጪ አላት።

ፈቀደ ወደ በሩ አላመራም። ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ጊዮርጊስ ንጋት ላይ ነበር የምንገናኘው፣ ከቅጥሩ ጀርባ» አለ። «ባለፈው እሑድ ደክሞኛል አለኝ። ሰኞ በግለ ሂሱ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ መጾሜን እናገራለሁ፣ የመጣው ይምጣ አለ። አብሮህ የሚሳለመው ማን ነው ብለው እንደሚጠይቁት አላሰበም። ለመንኩት። አራት ልጆች አሉኝ ብዬ ለመንኩት።»

«ለተኪዳንስ?» አሉ አቶ ገብረትንሣኤ። «እናት የላትም?»

ጥሩንባው ደግሞ ተነፋ። ሻምበሉ ክንዱን ይዞት ወረደ፤ ፈቀደ ራሱ ደውሎ በጠራው መኪና ውስጥ አስገባው። ሾፌሩ የምወስደው ሴት ነው የተባልኩት ብሎ ትንሽ ተከራከረ።

ሲመለስ አቶ ገብረትንሣኤ ሄደዋል። ለተኪዳን ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ወደ እናትሽ ሂጂ አላት። እሷ ግን ዓይኗን ከቢሮው አልነቀለችም።

ወይዘሮ ሙሉነሽ አልተነሣችም። የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ከፍታ መሐረብ አወጣች። መሐረቡ ውስጥ አንድ ቁራሽ ቶርታ ነበር፤ ጫፉ ተፈርክሷል እንጂ ሙሉ ነው።

«ሊቀመንበር ናት ብሎ ፈራኝ» አለች። «እኔም ዕጩ ነው ብዬ ፈራሁት። ዓርብ ማታ ሲገባ ውጭ በልቻለሁ ይለኛል። እኔም ሳትመጣ በላሁ እለዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ፣ እየተዋሸን፣ ሁለታችንም ርቦን ነው የምንተኛው።»