ከመቶ ሦስት

የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ የስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ ሞቶ የተገኘው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ወደ ምግብ ቤቱ በሚወስደው የኋላ ደረጃ ግርጌ ነው። አንገቱ ተሰብሯል። በዘጠኝ ሰዓት በዚያው ሕንፃ ትልቅ አዳራሽ፣ ከአህጉሩ ሁሉ ለተሰበሰቡ ባለሥልጣናትና ባለሆቴሎች፣ የመጪውን ዓመት የውጭ አገር ጎብኚዎች ትንበያ ሊያነብ ነበር።

የመጣችው መርማሪ በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ «ቆይማ» ትባላለች። ነገር ካልጣማት «ቆይማ» ሳትል አታልፍም፤ ቆይማ ካለች ደግሞ ሁሉም መቆሙ አይቀርም።

«አዳልጦት ነው፤ ጉልበቱን ያመው ነበር» አሏት የመሥሪያ ቤቱ ዋና ዳይሬክተር። «ኢንስፔክተር፣ እባክዎ ቶሎ ይጨርሱልን። አዳራሹ ሙሉ እንግዳ ነው።»

«ቆይማ» አለች ጎንበስ ብላ።

ከሟቹ አንድ ጆሮ ላይ መነጽር ተንጠልጥሏል። ከደረት ኪሱ ደግሞ ሌላ መነጽር፣ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ አገኘች። የተንጠለጠለውን አንስታ ደረጃውን ብታይበት ሁሉም ደበዘዘባት፤ መዳፏን ስታይበት ግን መስመሮቹ ጎልተው ታዩ። የማንበቢያ መነጽር ነበር። ዙሪያውን ፈለገች። የሚነበብ ነገር፣ ቁራጭ ወረቀት እንኳ የለም።

ዳይሬክተሩን ቀድማ አነጋገረች።

«ዛሬ ምን ሊያነብ ነበር?»

«የምሥራች ነዋ! የበረራ መስመር እየተከፈተ፣ ቪዛ እየቀለለ፣ ጎብኚያችን በመጪው ዓመት ከመቶ ስምንት ያድጋል። ይኸው፣ ታትሟል።»

«ከስድስት እስከ ሰባት የት ነበሩ?»

«ከሚኒስትሮች ጋር ምሳ ላይ። ሃያ ሰው ይመሰክርልኛል።»

የሟቹ ምክትል የቀድሞ ተማሪው ነበረች። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«ሰሞኑን ቁጥሩ አላምር ብሎት ነበር» አለች። «አውሮፕላን ለመቀየር ሁለት ሰዓት ያረፈው ሁሉ እንደ ጎብኚ ተቆጥሮ እንዳይሆን ብሎ ሰጋ። አጣሩልኝ ብሎ ለአየር ማረፊያው ጽፎ መልስ እየጠበቀ ነበር። እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት ሄድኩ፤ ስመለስ ይህን ሰማሁ።»

«አንቺ የምታውቂው ቁጥር ስንት ነው?»

«ስምንት።»

ሦስተኛው ሰው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሐይቅ ዳር ባለች መንደር የአስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀመንበር። ትላልቅ እጆቹን ጭኖቹ መካከል ቀብሯቸዋል።

«ጋሼ ምሳ ቀጥሮኝ ነበር» አላት። «ምግብ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፣ ቀረ። ዛሬ ዓይኑንም አላየሁት። እናትና አባታችን ሲሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ከእሱ በላይ ማን ነበረኝ?»

«እግዜር ያጽናህ። መንደራችሁ ሥራ እንዴት ነው?»

«የምን ሥራ? እንግዳ ይጎርፋል ስንባል ያለንን ጥለን አልጋ አነጠፍን። እስካሁን አልጋው ላይ የተኛው ድመት ብቻ ነው። አሁንስ ከመቶ ሦስት ቢጨምር እኛ ዘንድ የሚደርሰው ምኑ ነው?»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው፤ ያለውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ከዚያ ወደ ሟቹ ቢሮ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ባለው ስልክ መጨረሻ የደወለለትን ቁጥር ፈልጋ መልሳ ደወለች። ለአሥር ደቂቃ ያህል አወራች።

በስምንት ተኩል ሦስቱን እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ሰውየው አላዳለጠውም» ብላ ጀመረች። «ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደረጃ ሲወርድ የማንበቢያ መነጽር አያደርግም። የሩቅ ማያውን ኪሱ ከትቶ፣ ቆሞ እያነበበ ነበር። ያነበበው ወረቀት ግን ጠፍቷል፤ ስለዚህ የወሰደው ሰው አብሮት ነበር። ምሳ ሊወርድ ሲል ለማን ያነባል? ምሳ አብሮት ለሚበላው።»

ወንድምየው ቀና አለ። «አላየሁትም አልኩሽ እኮ!»

«ቆይማ። ስድስት ተኩል ላይ ስልክ ተደውሎለታል። የደወለው የአየር ማረፊያው የመንገደኞች መዝገብ ሠራተኛ ነው። ‹አላፊ አግዳሚው ተቀንሶ ስምንቱ ሦስት ሆኗል አልኩት፤ ጻፍኩት አለኝ፤ ከእሱ በቀር ለማንም አልነገርኩም› ብሎኛል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞቶ ተገኘ። እዚህ ቤት ሁሉም የሚያውቀው ስምንትን ነው። ከመቶ ሦስት ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ወንድሜ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

ወንድምየው እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ የተጨማደደ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«በአምስት ዓመት እጥፍ ይሆናል ያለው እሱ ነው» አለ። «በእሱ ቃል መንደሩን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። መረባቸውን አስሸጥኳቸው። ጀልባቸውን ቀለም አስቀብቼ ወንበር አስገጠምኩበት። ሽማግሌዎቹ አሁን ‹ወንድምህ ምን አለ?› ይሉኛል፣ በየቀኑ። ዛሬ እዚያ ደረጃ ላይ መነጽሩን አድርጎ አነበበልኝ። ‹ተሳስተናል› አለ። በቃ፣ ‹ተሳስተናል›። ‹ጋሼ፣ ይህን አታንብብ፤ ሰው ጨርሶ ይጥለናል› አልኩት። ‹ዓመት በዓመት ከመዋሸት ዛሬ ማፈር ይሻላል› አለኝ። ወረቀቱን ልነጥቅ ስል እንቢ አለ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም፤ ግን ገፋሁት።»

ምክትሏ ወረቀቱን ጎንበስ ብላ አነበበችና ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጻፈች። «እኔ አነበዋለሁ» አለች።

ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ምን ነካሽ? ስምንት ተብሎ አምስት መቶ መጽሐፍ ታትሟል!»

«እንግዲያው አምስት መቶ ጊዜ ተሳስተናል፣ ጌታዬ» ብላቸው ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ መርማሪዋ ወንድምየውን በካቴና ይዛ በአዳራሹ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ወሰደችው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የምክትሏ ድምፅ ይሰማል፤ በመጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ኋላ ጸና። የቆጠራውን ስህተት ተናገረች፣ ሦስት በመቶ አለች፣ አመሰገነች።

ወንድምየው ቆመ። ጩኸቱን፣ ወንበር ሲንኳኳ፣ ሰው ጥሎ ሲወጣ ሊሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

ጭብጨባ ተሰማ። ምሳውን በልቶ እንደጠገበ ሰው የዘገየ፣ ለስለስ ያለ ጭብጨባ። ቀጥሎ የመድረክ መሪው «አሁን ወደ ሻይ ዕረፍት እንሄዳለን» አለ።

ሰውየው ዓይኑን ገልጦ መርማሪዋን አያት።

«ለሦስትም ያጨበጭባሉ እንዴ?»

«ያጨበጭባሉ» አለችው።