በሩን የከፈተችው ልጅ

ዩስቱስ መጀመሪያ ደጃፌ ላይ የቆመ ቀን ዝናብ ይዘንብ ነበር። ባርኔጣው በስብሶ ጆሮው ድረስ ወርዷል።

«ወይዘሮ ኦቲልያ እርስዎ ነዎት? ከካሰል ከተማ ነው የመጣሁት። የአገራችንን ተረቶች ለመጽሐፍ እየሰበሰብኩ ነው። እርስዎ ጋ ብዙ አለ አሉኝ።»

በዚያ ሰዓት ከረዳቴ ከእትዬ ጌርትራውት ጋር የረጠበ ጨርቅ እንጠመዝዝ ነበር። ባሌ ሲሞት ቬራ ወንዝ ዳር ያለውን የጨርቅ ማቅለሚያ ቤትና ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳትን ማልቪናን አደራ ብሎኝ ነው የሄደው። ማቅለሚያ ቤቱ አንድ ቀን አልተዘጋም። በከተማችን ያማረ ሰማያዊ የለበሰች ሴት ካያችሁ ከእኔ ገንዳ የወጣ ነው። ይህን ስናገር አላፍርም።

«እዚህ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያወራ የለም» አልኩት። «ከፈለጉ የጨርቁን ጫፍ ይያዙና እያወራን እንሥራ።»

እጅጌውን ሰብስቦ ያዘ። ጨርቁ ከገንዳው ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲነካው ዓይን እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ዩስቱስ ይህን ሲያይ መጠምዘዙን ረስቶ ቆመ።

«ጌታው፣ ጨርቁን ነው የሚያዩት ወይስ ሴትዮዋን?» አለች እትዬ ጌርትራውት።

«ሁለቱንም ገና አይቼ አልጨረስኩም» አላት።

ሳላስበው ሳቅሁ። ከሳቅሁ ደግሞ ቆይቼ ነበር።

ያን ቀን እናቴ ትነግረኝ የነበረውን ተረት ነገርኩት። በረሃብ ዘመን አንዲት እናት ዳቦው ሲያልቅባት ልጇን ከቤት አስወጥታ በር ትዘጋለች። ልጅቱ ጫካ ገብታ አንድ ድብ ታገለግላለች፤ አድጋ የራሷን ቤት ትሠራለች። ከብዙ ዓመት በኋላ በረዶ ሲጥል አንዲት ለማኝ በሯን ታንኳኳለች። ልጅቱ ድምፁን ታውቀዋለች። ከበሩ ጀርባ ብዙ ትቆማለች። ከዚያ ትከፍታለች።

«ለምን ከፈተችላት?» አለኝ።

«እናቷ ናታ።»

«የጣለቻት እናት።»

«ለዚያ እኮ ነው ተረት የሆነው።»

መጻፉን ትቶ አየኝ። ያን አስተያየት ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

በጋውን ሙሉ ተመላለሰ። የተረቱን ነገር ጨርሰን ስለ ሌላ ማውራት ከጀመርን ቆይተን ነበር። የቼሪ ፍሬ ለቀማ ጊዜ ቅርጫት ይዞልኝ ከዛፉ ሥር ቆሞ «እዚያኛው ቅርንጫፍ ላይ ብዙ አለልሽ» አለኝ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» ብሎኝ አያውቅም። አላረምኩትም።

መከር ላይ መጽሐፉ ታተመ። አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ አምጥቶ «እሁድ የምጠይቅሽ ነገር አለ» ብሎኝ ሄደ። የምጠይቅሽ ያለው ምን እንደሆነ እትዬ ጌርትራውት ሳትቀር ታውቃለች። ገበያ ደርሶብኝ ስለነበር መጽሐፉን ሳላነበው መደርደሪያ ላይ፣ እንግዳ ሁሉ የሚያየው ቦታ አቆምኩት።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን እራት ላይ ማልቪና ዳቦዋን ሳትበላ ሽርጧ ኪስ ስትከት አየኋት።

«ምነው የኔ ልጅ፣ አትበዪም?»

ቀና ሳትል «ዳቦው ሲያልቅ ታስወጪኛለሽ?» አለችኝ።

«ማን እንዲህ አለሽ?»

«መምህሩ ከመጽሐፉ አነበቡልን። ያስወጣቻት የእንጀራ እናቷ ናት። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ።»

መጽሐፉን አውርጄ አነበብኩ። እናትየዋ መጀመሪያ ገጽ ላይ ሞታ ተቀብራለች፤ ልጅቱን ያስወጣቻት የእንጀራ እናት ናት። መጨረሻ ላይ ለማኟ ስታንኳኳ በሩ አይከፈትም። በረዶ ውስጥ ደርቃ ትቀራለች፤ ልጅቱ በመስኮት እያየች ትስቃለች።

የዳቦውን ሣጥን ቁልፍ ከወገቤ ፈታሁና ማልቪና አንገት ላይ አሰርኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ከአንቺ እየጠየቅሁ ነው የምበላው» አልኳት።

እሁድ ዩስቱስ አዲስ ኮት ለብሶ መጣ። ወንበር አልሰጠሁትም።

«እናትየዋን ለምን ገደልካት?»

ወዲያው ገባው። «አሳታሚው ነው ያስለወጠኝ። እናት እንዲህ ስታደርግ ማንበብ ሰው አይችልም አለ። ለእናቶች ክብር ብዬ ነው፣ ኦቲልያ።»

«ለእኔስ ክብር?»

«አንቺም እኮ ትለውጫለሽ» አለኝ። «እናትሽ ስትነግርሽ ተኩላ ነበር ብለሽኛል፤ ድብ ያደረግሽው አንቺ ነሽ።»

«ማልቪና ተኩላ ስለምትፈራ ነው። እኔ ፊቴ ለተቀመጠች ልጅ ብዬ ለወጥኩ። አንተ ለማታያቸው ሰዎች ብለህ ለወጥክ፤ የምታያትን ልጅ ረሳህ።»

ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ናፈቀኝ፤ አልዋሽም። ግን አልጠራሁትም። ማልቪና በየማለዳው ሣጥኑን ከፍታ ዳቦ ትቆርጥልኛለች፤ እኔ አመሰግናታለሁ። እየቆየ የእኔን ቁራሽ ወፈር ማድረግ ጀመረች።

በረዶው ሲቀልጥ ዩስቱስ መጣ። አልፎኝ ሄዶ ማልቪና ፊት ተንበረከከ።

«የጻፍኩት ትክክል አልነበረም» አላት። «እናትሽ የነገረችኝ ሌላ ነው። አሁን መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው። አሳታሚውን ወይ እንደተነገረኝ አትመው፣ ወይ አውጣው አልኩት። አወጣው።»

«ያ እኮ ሰው ሁሉ የወደደልህ ነበር» አልኩት ከኋላው።

«አዎ። የመጽሐፉን ክፍያም ቀነሰብኝ፤ አሁን ባዶ ኪሴን ነኝ ማለት ይቻላል። እዚህ አስተማሪ ይፈልጋሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እንዲህ ሲል ድምፁ ውስጥ ልመና አልነበረም። ኮራሁበት።

ማልቪና ከላይ እስከ ታች አየችው። «እሷን ብታገባ የእንጀራ አባቴ ትሆናለህ ማለት ነው። ሰው ምን ይልሃል?»

«የእንጀራ አባት ተረት ውስጥ አይገባም» አላት። «የሚያስታውሰን የለም።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። እኔ ወንበር ሳብኩለት።

ቼሪው ሲደርስ ተጋባን። ጠረጴዛዎቹን ወንዙ ዳር፣ ከማቅለሚያ ቤቱ ፊት ዘረጋን። ሰው ሲጠግብ ከመጽሐፉ የወጣውን ተረት ካልሰማን ብሎ ዩስቱስን ያዘው። ተነሥቶ ጀመረ። ተረት በቃሉ ነግሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ ለማኟ በሩን የምታንኳኳበት ላይ ሲደርስ ጠፋበት። ወደ እኔ ዞረ። አፌን ልከፍት ስል ማልቪና ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ልጅቱ ድምፁን አወቀችው» አለች፤ የድሮ መምህሯ፣ ቄሱ፣ የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ እያዩአት። «የእናቷ ነበር። ከበሩ ጀርባ ብዙ ቆመች። ከዚያ ከፈተችላት።»

እኔ እዚያ ላይ ነው የምጨርሰው። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ድቡም ውስጥ ነበር» አለች። «ሦስቱ አብረው በሉ።»

ዩስቱስ እርሳሱን ከኪሱ አላወጣም። አጨበጨበ። እኔ ነጭ መጎናጸፊያዬን አስተካክዬ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ያቺ የማን ልጅ ናት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ።