ሴሏ የምታውቀው እጅ

ተረት አልፈጥርም፤ ዕድሜዬም ማዕረጌም አይፈቅዱልኝም። የምነግራችሁ በገዛ እጄ የደረሰውን ነው።

ጊዜው እኩለ ቀን ነበር። ስፍራው የቤተ ሙከራችን የመጨረሻዋ ክፍል፤ ፀሐይ ወለል ብላ የገባችበት።

በዚያች ክፍል የምትኖረውን የሙከራ አይጥ ዓይኗ ሳይገለጥ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የሽቦ ቤቷን በጥፍሬ ስጭር እየሮጠች ትመጣለች።

በኋላ የቀድሞ ተማሪዬ ዶክተር ሆና ተመለሰች። በአይጧ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገባች፤ አንዲት ሴል በተቀሰቀሰች ቁጥር ከሽቦው ጋር የተያያዘው ድምፅ ማጉያ "ጠቅ" ይላል። ሴሏም የምትቀሰቀሰው ለአንድ ነገር ብቻ ሆነ...

ለዶክተሯ እጅ።

"ለእኔስ?" አልኋት።

"ዝም ነው፣ ጋሼ።"

"በጥፍሬ ስጠራት እየመጣች?"

"መምጣቱንስ ትመጣለች።" ሳቀች። "ጋሼ፣ በአይጥ ይቀናሉ እንዴ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቅናቴን ከእኔ በፊት ሰው ሰማው።

ያን እኩለ ቀን ዶክተሯ ለስብሰባ ወደ ሌላው ሕንፃ ስትሄድ ጠብቄ ገባሁ። የፈለግሁት አንዲት "ጠቅ" ነበረች፤ የእኔ የምትሆን።

የሽቦ ቤቷን ጫርሁ።

አይጧ መጣች። ድምፅ ማጉያው... ዝም።

እጄን አቀረብሁ። ዝም።

ከዚያ... ጠቅ።

ደስታዬ ልክ አጣ። አይጧ ግን የምታየው እኔን አልነበረም።

የክፍሏን በር ነበር።

ጠቅ... ጠቅ...

በሩን ከፈትሁ። ማንም የለም።

ስመለስ የአይጧ አንገት ቀስ እያለ ይዞር ነበር፤ የሚራመድን ሰው በዓይኗ እንደምትከተል። ከበሩ ወደ ጠረጴዛው... ከጠረጴዛው ወደ እኔ ጎን።

ለዶክተሯ ስልክ ደወልሁ።

"የት ነሽ?" አልሁ በሹክሹክታ።

"ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ጋሼ... ምነው?" እርሷም አንሾካሾከች።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ... ቀኝ እጄ ብቻ ደንዝዞብኛል።"

ጠቅታው ተያያዘ፤ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ።

የአይጧ የጀርባ ጠጉር ሰው እንደዳበሰው ሁሉ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ቀስ ብሎ ተኛ... እንደገና ተኛ። ዓይኗን ጨፈነች።

መሸሽ ይገባኝ ነበር። ቅናት ግን ከፍርሃት ይብሳል፤ የሽቦ ቤቷን በር ከፍቼ እጄን ወደ ጀርባዋ ሰደድሁ።

ጣቶቼ ጠጉሯ ላይ አልደረሱም።

ሞቅ ባለ... በማይታይ ነገር ላይ ዐረፉ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

"ጋሼ..." አለች፣ "እጄን የያዘኝ ማነው?"

ጠቅታው ቆመ። አይጧም ዓይኗን ገልጣ... ወደ እኔ ዞረች።