ያልተቆጠሩት የፎገራ ላሞች

አያልነህ በርብ ወንዝ ዳር በደረቱ ተደፍቶ ሲገኝ ማጅራቱ በድንጋይ ተፈንክቶ ነበር። ወሩ ነሐሴ፣ ዘመኑ ሃምሳ ስምንት ነው። ሟቹ የቁሐር ሚካኤል ልጅ፣ አዲስ አበባ የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በፎገራ ከብት ላይ ሊሠራ አገሩ የገባ ነው። ከወረታ የተጠራው መቶ አለቃ ዳኘው ከአጠገቡ ደብተሩን አነሣ። በመጨረሻው ገጽ «ገብረማርያም፤ ዐሥራ አራት ከብት። ሊገድለኝ ዝቷል» ይላል።

ጭቃ ሹሙ አድማሴ ጊዜ አላጠፋም፤ ገብረማርያምን አስሮ አቀረበ። ጎንደር ከተላከ ስቅላት እንደሚጠብቀው ሁሉም ያውቃል። ዳኘው ግን ነገር ሲቀልለት ደስ የማይለው ሰው ነውና ተጠራጠረ።

«አያ ገብረማርያም፣ ዝተውበታል?»

«ግብር ሊያስጨምርብን ነው ብዬ በዱላ አባርሬዋለሁ፤ አልዋሽም። በማግስቱ ግን ‹አያ፣ አልቆጥርም፤ ስማቸውን ብቻ ይንገሩኝ› ብሎ መጣ። ነገርሁት፤ ጻፈ።»

«ስንት ናቸው?»

«ኧረ ጌታዬ! ከብት ተቆጥሮ ይበረክታል? እኔም ቆጥሬ አላውቅ።»

ዳኘው አድማሴን ጠየቀ። ሰውዬው መሬት መደበቁን አያልነህ እንዳይጽፍበት ፈርቶ እንደነበር አመነ፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። እሱም ለዚያው ጥናት ከሟቹ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣው የክፍል ጓደኛው ማናዬ ደግሞ ጫማውን እየጠረገ «የእሱን ደብተር ገልጬም አላውቅ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ዳኘው ሁሉንም ከዋርካው ሥር ሰበሰበ። የሟቹ እናት እማዋይሽ ከቃሬዛው ራስጌ ቆማለች። ገብረማርያም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«አያልነህ የአገሩን ልማድ ያውቃል» አለ ዳኘው። «በየገጹ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ወይኖ እያለ ስም ብቻ ጽፏል፤ አንድም ቁጥር የለም። ይህ የመጨረሻው ገጽ ብቻ ቁጥር አለው። ትናንት ከብቱ ክረምቱን ወደሚያሳልፍበት ደጋ ወጥቼ የአያ ገብረማርያምን መንጋ ቆጠርሁ፤ በእርግጥም ዐሥራ አራት ነው። ባለቤቱ እንኳ የማያውቀውን ቁጥር ጸሐፊው ከየት አመጣው? የላሞቹን ስም ከያዘው ገጽ። ያ ገጽ ከደብተሩ ተቀድዶ ወጥቷል። እንግዲህ ዛቻውን የጻፈ፣ የተቀደደው ገጽ በእጁ ያለ ነው። አድማሴ መጻፍ አይችልም፤ አያ ገብረማርያምም እንደዚያው።»

ማናዬ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«ገጹን ከሻንጣህ ሥር አገኘሁት። እያንዳንዱን ስም በእርሳስ ምልክት እያደረግህ ቆጥረህበታል። ለምን ገደልኸው?»

«በጽሑፉ በልጦ ለትምህርት ወደ ውጭ የሚላከው አንድ ተማሪ ብቻ ነው» አለ ማናዬ። «ለእኔ ማንም አልነግር አለኝ። ለእሱ ግን ሁሉም ነገሩት። አካፍለኝ ብዬ ብለምነው እንቢ አለኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። ገብረማርያም ገመዱ ቢፈታለትም ቤቱ አልሄደም፤ እጁን እያሻሸ እዚያው ቆመ። ዱላ ያነሣበት ልጅ ስለሞተ ከልቡ አፍሯል፤ እንባው በጺሙ ላይ ወረደ።

«ምነው ቆምህ?» አለችው እማዋይሽ። «ና፣ ቃሬዛውን በራስጌው በኩል አንተ ያዝልኝ።»