የለም ብለህ ጻፍ

ሰውየው እያነከሰ ገብቶ አግዳሚው ላይ ከሽማግሌዎቹ መሃል ሲቀመጥ፣ ሂዳያ እርዳታ ፈልጎ የመጣ መሰላት። ተራው ሲደርስ ጠራችውና ቅጹን አውጥታ መጠየቅ ጀመረች።

«ከማን ጋር ይኖራሉ?»

«ብቻዬን።»

«መቐለ ውስጥ ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም። ቤተሰቦቼ ዓዲግራት ናቸው።»

«ምግብ ከማን ጋር ይበላሉ?»

«ከሬዲዮ ጋር» አለ።

ሂዳያ ቀና ብላ አላየችውም። ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመልስ ዓይን ዓይኑን ማየት እንደማይገባ ከሥራው ተምራለች። «ቢታመሙ ቀድሞ የሚያውቅልዎ ማን ነው?»

«አከራዬ ትመስለኛለች። ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካኔን ሰልፉ ላይ ካጣችው በሬን ታንኳኳለች።»

«ውሃ ግን የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው» አለች ሳታስበው።

«አዎ። ቀን መርጬ መታመም አለብኝ።»

ፈገግታዋን ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ ደበቀች። መታወቂያ ስትጠይቀው ከደረት ኪሱ የሥራ መታወቂያ አወጣ። ዘሚካኤል ገብረተንሳኤ ይላል። እሷ ለምትሠራበት ማዕከል ገንዘብ የሚሰጠው የውጭ ድርጅት ገምጋሚ ነበር።

ሂዳያ ፊቷ ጋለ። እግሩን አይታ ብቻ ቅጽ እንደሞላችለት ሁለቱም ገብቷቸዋል።

«ለምን ዝም አሉኝ?» አለች።

«ልነግርሽ ነበር። ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እስክትጨርሺ ጠበቅሁ።»

ጊዜው የ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ማዕከሉ ሓወልቲ አካባቢ፣ ከአንድ የቀለም መደብር ጀርባ ባሉ ሦስት ክፍሎች ውስጥ ነበር። ሥራው ጧሪ የሌላቸውና ከአልጋ የማይነሱ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ ማጠብ፣ ልብሳቸውን መቀየርና መድኃኒታቸውን መስጠት ነው። አርባ ሰዎች በዚህ አገልግሎት ይኖሩ ነበር። ረጂው ድርጅት ሰሜን ኢትዮጵያ ላይ ያለውን ሥራ ሊቀንስ ስላሰበ፣ አገልግሎቱ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለው በዘሚካኤል ሪፖርት የሚወሰን ሆነ።

ሪፖርቱን ለመጻፍ አርባውንም ቤት ማየት ነበረበት። መንገዱን የምታውቀው ሂዳያ ናት። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ አብረው ወጡ።

መጀመሪያ ላይ ብዙ አያወሩም ነበር። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ወሬ አይሆንላትም፤ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስትማርም ከመምህራኑ ስሟን የሚያውቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። እሱም ዝምታ አይከብደውም። ወደ ውቕሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በብሎኬት ማምረቻዎቹ መሃል ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዳንዴ ዞር ስትል ሲያያት ታገኘዋለች። ወዲያው ወደ ብሎኬቶቹ ያያል።

ሰሜን ክፍለ ከተማ ካሉት ቤቶች አንዱ የአሮጊቷ የኣደይ ኣኽበረት ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ሂዳያ እግራቸውን እያጠበች ሳለ፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ እግርሽን ምን ነካው?» አሏት።

«ምንም አልነካው ኣደይ።»

«ድሮ እየሮጥሽ ነበር የምትመጪው፤ ኮቴሽን አውቀዋለሁ። ይሄ ልጅ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ቀስ ብለሻል። አሁን ሁለታችሁም እኩል ነው የምትረግጡት።»

ሂዳያ ማጠቧን ቀጠለች። ዘሚካኤል የበሩን መቃን ስንጥቅ እንዳለው ሁሉ መመርመር ጀመረ።

«አንተስ ወደይ፣» አሉ አሮጊቷ፣ «ዓይን አለህ አይደል? እኔ የሰማሁትን አንተ አላየኸውም?»

ወሬው ከሰሜን ክፍለ ከተማ ተነስቶ ገበያ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ መጥተው መቐለ ላይ ጨርቅ በመነገድ ያሳደጓት አባቷ፣ አቶ አብዱልወዱድ፣ እራት ላይ ጠየቋት።

«ያ አብሮሽ የሚታየው ልጅ ማን ነው?»

«የሥራ ሰው ነው አባ።»

«ክርስቲያን ነው አሉ።»

«አዎ።»

ረጅም ጊዜ አኘኩ። «ወሎ ብንሆን ይሄ ምንም አልነበረም። የእኔም አያት የአጎታቸው ልጆች ክርስቲያን ነበሩ። እዚህ ግን እኛ እንግዳ ነን፤ እንግዳ ሰው ጥንቃቄ አያጣም።» ከዚያ በኋላ አላነሱባትም። ዝም ማለታቸው ከቁጣ ይልቅ ከበዳት።

ጥር መጨረሻ ላይ ዘሚካኤል ሓወልቲ ካለ ሻይ ቤት ቀጠራት። ሪፖርቱ አልቋል። አገልግሎቱ እንዲቀጥል ነበር የጻፈው። የቀረው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ገምጋሚው በፊርማው የሚያረጋግጠው።

ገጹን ወደ እሷ አዞረው። «ከሚገመግሙት ማዕከል ሠራተኞች ጋር ከሥራ ውጭ የሆነ ግንኙነት አለዎት?» ይላል።

«ምን ልጻፍ?» አላት።

ሂዳያ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አለ ብትል ምን ይሆናል?»

«ሪፖርቱ ይጣላል። ሌላ ሰው ከአዲስ አበባ ይልካሉ። እሱ እስኪጨርስ ገንዘቡ የሚጸድቅበት ቀን ያልፋል።»

ሻይዋ ቀዘቀዘ። አርባዎቹን በየስማቸው ታውቃቸዋለች።

«እስከ ዛሬ የተባባልነው ነገር አለ?» አለችው።

«የለም። ዛሬ ልነግርሽ ነበር።»

«አልነገርከኝም እኮ። የለም ብለህ ጻፍ።»

«አሁን የለም ካልኩ በኋላም መናገር አልችልም ሂዳያ። ነገ ብነግርሽ የፈረምኩት ውሸት ይሆናል። ይሄ ገንዘብ እስኪያልቅ መጠበቅ አለብኝ።»

«ስንት ጊዜ ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ጻፍ» አለች። እሱ ሲጽፍ መንገዱን አየች፤ ባጃጆቹ ሰፈሩ ስሙን ባገኘበት ሐውልት ዙሪያ ይመላለሳሉ። ሲጨርስ እጇን ጨበጣት፤ የሥራ ሰው እንደሚጨብጥ አድርጎ።

የካቲት ላይ ገንዘቡ ጸደቀ። ሚያዝያ ላይ ዘሚካኤል ሽሬ ወዳለው ቢሮ ተዛወረ። አልደወለም፤ እሷም አልደወለችም። ከሥራ ስትመለስ በብሎኬት ማምረቻዎቹ በኩል ብቻዋን ታልፋለች። ቤት ስትገባ ከአባቷ ጋር እራት ትበላለች፤ መብራት ታጠፋለች። አንድ ጧት፣ የአንድ ሽማግሌን ጀርባ እያሸች፣ ወራት እየቆጠረች መሆኗን አስተዋለች። የምትጠብቀው የገንዘቡን ማለቅ ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ እኚህን ሰው የሚያጥብ እንደማይኖር ታውቃለች። እጇ ቆመ።

«ምነው ደከመሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«አይ» አለችና ማሸቷን ቀጠለች። ከዚያ ቀን በኋላ መቁጠር ተወች፤ ወይም እንደተወች ለራሷ ነገረች።

በ2010 ዓ.ም. የካቲት ገንዘቡ ለሦስት ዓመት እንደገና ተራዘመ። የሥራ ባልደረባዋ ፊዮሪ አዲሱን ውል ስታመጣላት፣ ያ የድሮ ገምጋሚ በጥር ሽሬ ላይ ማግባቱን ነገረቻት። ሂዳያ የጀመረችውን ፊርማ ጨረሰችና ወረቀቱን መለሰችላት።